ሙዳይ ውስጥ የሚኖሩት፦ ወርቃማ አልጌዎች፣ ዳያተሞችና ጎረቤቶቻቸው

የሳይንስ አምድ

ሚኒ ሚዲያ ክበባችን በዚህ እትም የሳይንስ አምድ ላይ በዓይን ስለማይታዩ፣ ግን እኛን ስለሚያስተነፍሱ ፍጥረታት ይዞላችሁ ቀርቧል። “በዓይን የማይታይ ነገር ምን ያደርግልናል?” የምትሉ ካላችሁ እስከ መጨረሻው አንብቡ። መጨረሻው ላይ ከጎሮ ተነስተን በአቃቂ ወንዝ በኩል ቆቃ ሐይቅ ድረስ እንሄዳለን። ጥያቄዎችም አሉ።

1. አልጌ ምንድን ነው?

አልጌ ማለት አብዛኛውን ጊዜ ውሃ ውስጥ ወይም እርጥብ ቦታ ላይ የሚኖር፣ እንደ ተክል በፀሐይ ብርሃን የራሱን ምግብ የሚሠራ ፍጥረት ነው። በአማርኛ የሳይንስ መጻሕፍት ዋቅላሚ ይባላል። እውነተኛ ሥር፣ ግንድና ቅጠል የለውም። አንዳንዱ እንደ ባሕር ሣር ብዙ ሜትር ይረዝማል። አንዳንዱ ደግሞ አንድ ሴል ብቻ ነው። ዛሬ የምናወራው ስለ ትንንሾቹ ነው።

ትንሽ ስንል ምን ያህል ትንሽ? ማስመሪያችሁን አውጡና 1 ሚሊ ሜትሯን ተመልከቱ። ሚሊ ሜትሯን 1000 ቦታ ብንከፍላት አንዷ ክፋይ 1 ማይክሮ ሜትር ትባላለች። ብዙዎቹ ዳያተሞች ከ2 እስከ 200 ማይክሮ ሜትር ይሆናሉ። ስለዚህ 50 ማይክሮ ሜትር የሆኑ ዳያተሞችን በሰልፍ ብናቆማቸው 1 ሚሊ ሜትር ላይ 20 ይሰለፋሉ ማለት ነው። የጠዋት ሰልፋችን እንዲህ ቢሆን ኖሮ ትምህርት ቤቱ በሙሉ አንድ ደብተር ላይ ይቆም ነበር!

2. ሳይንቲስቶች በምን ይመድቧቸዋል?

አንድ ሰው “በቀለም ነዋ!” ሊል ይችላል። ቀለም ይረዳል፣ ግን ብቻውን አይበቃም። ለምን መሰላችሁ? ገበያ ሄዳችሁ ጤፍ ስትገዙ ማኛ፣ ነጭ፣ ሰርገኛ፣ ቀይ ተብሎ ተለይቶ ታገኛላችሁ። ጤፍን በቀለም መለየት ይቻላል። እንጀራው ከተጋገረ በኋላ ግን የማኛ እንጀራና ሩዝ የተቀላቀለበት እንጀራ ሁለቱም ነጭ ናቸው። ቀለሙን ብቻ ያየ ሰው አንድ ናቸው ይላል። ያቦካችው እናት ግን ውስጡ ምን እንዳለ ታውቃለች።

የአልጌም ነገር እንደዚሁ ነው። ሳይንቲስቶች የሚከተሉትን አራት ነገሮች ይጠይቃሉ፦

ሀ. ቀለሙን የሰጠው ምንድን ነው? ሁሉም አልጌ አረንጓዴ ክሎሮፊል አለው። ከእሱ ሌላ ግን ቢጫ፣ ቡኒ ወይም ቀይ ቀለም ሊኖረው ይችላል።
ለ. ትርፍ ምግቡን በምን መልክ ያስቀምጣል? እንደ ድንች በስታርች ነው? ወይስ በዘይት?
ሐ. የሴሉ ግድግዳ ከምን ተሠራ?
መ. ለመዋኘት የሚረዳ ጅራፍ የመሰለ ጭራ አለው? ካለው ስንት? ይህ ጭራ ፍላጀለም ይባላል።

እነዚህን አራት ጥያቄዎች በቃላችሁ ያዙ። ከዚህ በታች ያለው በሙሉ የእነሱ መልስ ነው።

3. የወርቃማዎቹ ቤተሰብ

ድሮ የተጻፉ ብዙ መጻሕፍት ክሪሶፋይታ የሚባል ትልቅ ክፍል አላቸው። ክሪሶስ በግሪክ ቋንቋ ወርቅ ማለት ነው። በውስጡ ሦስት ወገኖች አሉ።

ሀ. ወርቃማ አልጌ፦ ክሎሮፊል ቢኖራቸውም ፉኮዛንቲን የተባለው ቢጫ ቡኒ ቀለም ስለሚበዛባቸው ወርቅማ ይመስላሉ። አብዛኞቹ ጨው በሌለው፣ ቀዝቀዝና ጠራ ባለ ውሃ ውስጥ ይኖራሉ። ብዙዎቹ ሁለት ጭራ አላቸው፤ አንዱ ረጅም፣ አንዱ አጭር ነው። ዲኖብሪዮን የሚባለው ወርቃማ አልጌ በትንሽ ዋንጫ መሰል ቤት ውስጥ ይኖራል። ዋንጫዎቹ አንዱ በአንዱ አፍ ላይ እየተተከሉ እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ ይሆናሉ። የሚገርመው ደግሞ ዲኖብሪዮን በፀሐይ ብርሃን ምግብ እየሠራ ባክቴሪያም ይበላል! ታዲያ ተክል ነው እንስሳ? ሁለቱንም አይደለም። ለዚህ ነው ሳይንቲስቶች እንዲህ ያሉትን ፍጥረታት ፕሮቲስታ በሚባል ሌላ ስም የሚጠሯቸው። ወርቃማ አልጌዎች ክፉ ጊዜ ሲመጣ፣ ለምሳሌ ውሃው ሲደርቅ፣ ራሳቸውን በጠንካራ ኳስ ውስጥ ዘግተው ይተኛሉ። ኳሱ ትንሽ ቀዳዳ አለው፤ ቀዳዳው በውታፍ ይደፈናል። ጥሩ ጊዜ ሲመጣ ውታፉ ይከፈትና ይወጣሉ።

ለ. ቢጫ አረንጓዴ አልጌ፦ ፉኮዛንቲን ስለሌላቸው ወደ አረንጓዴ ያደላሉ። አንዳንዶቹ እርጥብ አፈር ላይ እንደ ክር ሆነው ይበቅላሉ።

ሐ. ዳያተም፦ ከሦስቱ በብዛት የሚበልጡት እነዚህ ናቸው። እስካሁን ስም የወጣላቸው ዓይነቶች ብቻ ከ10 ሺህ በላይ ናቸው። በባሕር፣ በሐይቅ፣ በወንዝ፣ በእርጥብ ድንጋይ ላይ፣ በሁሉም ቦታ አሉ። ወንዝ ውስጥ ያለ ድንጋይ ላይ ስትቆሙ የሚያንሸራትታችሁ ቡኒ ነገር ብዙ ጊዜ የዳያተም ምንጣፍ ነው።

ሦስቱን ምን አንድ አደረጋቸው? ትርፍ ምግባቸውን እንደ ተክሎች በስታርች አያስቀምጡም። በዘይት ጠብታና ክሪሶላሚናሪን በሚባል ስኳር ነክ ነገር ያስቀምጣሉ። የዛሬ ሳይንቲስቶች ደግሞ ጂናቸውን አይተው ሦስቱንም ከትልልቆቹ ቡኒ የባሕር አልጌዎች ጋር ዘመድ አድርገዋቸዋል። ስለዚህ ምደባ እንደ ድንጋይ ጽሑፍ አይደለም፤ አዲስ ነገር ሲታወቅ ይስተካከላል።

4. ዳያተም፦ የመስታወት ሙዳይ

የዳያተም ሴል ግድግዳ የተሠራው ከሲሊካ ነው። ሲሊካ በአሸዋ ውስጥ የሚገኝ፣ መስታወትና ጠርሙስ የሚሠራበት ነገር ነው። ዳያተም ከውሃ ውስጥ የሟሟ ሲሊካ ይወስድና የራሱን የመስታወት ቤት ይሠራል። እኛ ጠርሙስ ለመሥራት በጣም ኃይለኛ እሳት ያስፈልገናል። ዳያተም ግን በቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ይሠራዋል!

ቤቱ ሁለት ክፍል አለው። ልክ እንደ ሙዳይ ነው፤ አንዱ እቃው፣ አንዱ ክዳኑ። ክዳኑ ትንሽ ሰፋ ስለሚል እቃው ላይ ይገጥማል። ግድግዳው ላይ በጣም የተስተካከሉ ጥቃቅን ቀዳዳዎች አሉ፤ በማይክሮስኮፕ ሲታዩ ጥለት ይመስላሉ። የእያንዳንዱ ዓይነት ጥለት የተለየ ስለሆነ ሳይንቲስቶች ስሙን የሚያውቁት ጥለቱን አይተው ነው። የሐበሻ ቀሚስ ጥለት አይቶ የማን ሥራ እንደሆነ እንደሚያውቅ ሸማኔ ማለት ነው።

በቅርፃቸው በሁለት ይከፈላሉ፦
• ክብ ዳያተም፦ እንደ ሳንቲም ወይም እንደ ቆርቆሮ ጣሳ ክብ ነው። ብዙ ጊዜ ውሃ ላይ ይንሳፈፋል።
• ረጅም ዳያተም፦ እንደ ጀልባ ወይም እንደ ስንዴ ፍሬ ሞላላ ነው። ብዙዎቹ መሐላቸው ላይ ስንጥቅ መስመር አላቸው። በዚያ ስንጥቅ የሚያጣብቅ ፈሳሽ እያወጡ ድንጋይና ጭቃ ላይ ይንሸራተታሉ። ጭራ ሳይኖራቸው ይሄዳሉ!

አሁን ከሁሉ የሚገርመውን ልንገራችሁ። ዳያተም ሲራባ ሙዳዩ ለሁለት ይከፈላል። ክዳኑ አንዱ ጋ፣ እቃው ሌላው ጋ ይሄዳል። ሁለቱም ልጆች የደረሳቸውን እንደ ክዳን ይቆጥሩና ከውስጥ አዲስ እቃ ይሠራሉ። ትልቁ ክዳን የደረሰው ልጅ የእናቱን ያህል ይሆናል። እቃው የደረሰው ልጅ ግን ክዳኑ ትንሽ ስለሆነ እሱም ያንሳል። የእሱ ልጅ ደግሞ ከእሱ ያንሳል። እንዲህ እያለ ቢቀጥል ያልቃሉ አይደል? አያልቁም። በጣም ሲያንሱ በፆታዊ መንገድ ይራባሉ፤ አዲሱ ሴል አሮጌውን ሙዳይ ጥሎ ያብጥና እንደገና በትልቅ ልክ ቤት ይሠራል። ከዚያ መቁጠሩ እንደ አዲስ ይጀምራል።

5. ጎረቤቶቻቸው

በአንድ ጠብታ የሐይቅ ውሃ ውስጥ ወርቃማዎቹ ብቻቸውን አይኖሩም። እንዳይምታታባችሁ ጎረቤቶቻቸውን በአጭሩ እነሆ፦

• ዩግሊና፦ አረንጓዴ ነው፤ በጭራው ይዋኛል፤ ብርሃን የሚለይበት ቀይ ነጥብ አለው። ቆሻሻ የበዛበት ኩሬ ይወዳል። ጠንካራ የሴል ግድግዳ ስለሌለው ሰውነቱን መጭመቅና መዘርጋት ይችላል።
• ዳይኖፍላጀሌት፦ ሁለት ጭራ አለው። አንዱ ወገቡ ላይ ባለ ቦይ እንደ መቀነት ይዞራል፤ ስለዚህ እየተሽከረከረ ይዋኛል።
• አረንጓዴ አልጌ፦ ምግቡን እንደ ተክል በስታርች ያስቀምጣል። ለተክሎች የቅርብ ዘመድ ነው።
• ሰማያዊ አረንጓዴ አልጌ፦ ስሙ አልጌ ይባል እንጂ ባክቴሪያ ነው። ኑክለስ የለውም። ሳይያኖባክቴሪያም ይባላል። ይህን ስም ያዙት፤ ወደ ታች ላይ እንፈልገዋለን።

6. በሀገራችን የት ይገኛሉ?

ኢትዮጵያ ለዳያተም የተመቸች ሀገር ናት። ምክንያቱ ስምጥ ሸለቆ ነው። በስምጥ ሸለቆ አካባቢ ያሉት ድንጋዮች ብዙዎቹ ከእሳተ ገሞራ የወጡ ናቸው፤ ሲሊካ አላቸው። ዝናብ ድንጋዩን ሲሸረሽር ሲሊካው እየሟሟ ሐይቅ ይገባል። ዳያተሞች ቤት መሥሪያ አገኙ ማለት ነው።

ዳያተም ሲሞት ውስጡ ይበሰብሳል፤ የመስታወት ቤቱ ግን ወደ ሐይቁ ስር ይሰምጣል። በሺህ ዓመታት ውስጥ ሲከማች ነጭ፣ ቀላል፣ እንደ ጠመኔ የሚፈረካከስ አፈር ይሆናል። ይህ ዳያቶማይት ይባላል። በዝዋይ ሐይቅ አጠገብ አዳሚ ቱሉ አካባቢ ይገኛል። ዛሬ ለየብቻ የምናያቸው ዝዋይ፣ ላንጋኖ፣ አብያታና ሻላ ከ5 ሺህ ዓመት በላይ በፊት አንድ ትልቅ ሐይቅ ነበሩ። ዛሬ ደረቅ መሬት በሆነው ላይ የዳያተም ቅርፊት መገኘቱ ለዚህ አንዱ ምስክር ነው።

ጣና ሐይቅም የራሱ ታሪክ አለው። ሳይንቲስቶች ከሐይቁ ስር ጭቃ ቆፍረው አውጥተው ሲመረምሩ ከ16 ሺህ ዓመት በላይ በፊት ጣና ደርቆ እንደነበር አወቁ። እንዲህ ያለ ጭቃ ሲጠና ከሚነበቡት ነገሮች አንዱ ዳያተም ነው። ጥልቅ ውሃ የሚወዱ፣ ጥልቀት የሌለው ውሃ የሚወዱ፣ ጨዋማ ውሃ የሚወዱ የተለያዩ ዳያተሞች ስላሉ፣ የትኛው እንደነበረ ካወቅን ውሃው ምን ዓይነት እንደነበረ እናውቃለን። ዳያተም ማለት ሐይቁ ራሱ የጻፈው የታሪክ መጽሐፍ ነው።

ጎረቤታቸው ሳይያኖባክቴሪያም በሀገራችን ዝነኛ ነው። ቢሾፍቱ አካባቢ አረንጓዴ ሐይቅ የሚባል አለ። ስሙን ያገኘው ከቀለሙ ነው፤ ቀለሙን የሚሰጡት ደግሞ ስፓይሩሊና የተባሉ ጠመዝማዛ ሳይያኖባክቴሪያዎች ናቸው። ሻላ አጠገብ ባለው ጪቱ ሐይቅም አሉ። ትንሿ ፍላሚንጎ የምትባለው ወፍ የምትበላው እነዚህን ነው። ሮዝ ቀለሟም ከምግቧ የመጣ ነው። ምግቧ ከጠፋ ወፏም ሐይቁን ጥላ ትሄዳለች።

7. ጥቅማቸው

ሀ. ኦክስጅን፦ በምድራችን በፎቶሲንተሲስ ከሚሠራው ኦክስጅን 20 በመቶ የሚሆነውን የሚሠሩት ዳያተሞች ናቸው ተብሎ ይገመታል። አምስት ጊዜ ተንፍሱ። አንዱን ትንፋሽ ዳያተም ሰጣችሁ ማለት ነው።

ለ. ምግብ፦ ቆሮሶ የሚባለው ዓሣ በስምጥ ሸለቆ ሐይቆች ውስጥ አልጌ ይበላል፤ ዳያተምም ይበላል። ቆሮሶን ደግሞ እኛ እንበላለን። ሰንሰለቱ ፀሐይ፣ ዳያተም፣ ቆሮሶ፣ ሰው ይሆናል። የዓሣ ጥብስ ስትበሉ አስታውሷቸው።

ሐ. ማጣሪያ፦ ዳያቶማይት ጥቃቅን ቀዳዳ ስላለው ውሃ፣ ቢራና ሌላም ፈሳሽ ለማጣራት ያገለግላል።

መ. ድማሚት፦ አልፍሬድ ኖቤል በ1867 እ.ኤ.አ. ድማሚትን የሠራው በቀላሉ የሚፈነዳውን ናይትሮግሊሰሪን ዳያቶማይት ውስጥ አስመጥጦ ነው። የኖቤል ሽልማት በስሙ የተሰየመለት ሰው ማለት ነው።

8. ጉዳታቸው

አልጌ በልኩ ሲሆን ጥሩ ነው። ሲበዛ ግን ችግር ነው። ስይኑራ የሚባል ወርቃማ አልጌ ግድብ ውስጥ ከበዛ ውሃው ዓሣ ዓሣ ይሸታል። ከዚህ የባሰም አለ። በ2022 እ.ኤ.አ. በበጋ ወቅት በፖላንድና በጀርመን መካከል በሚፈሰው ኦደር ወንዝ ላይ እጅግ ብዙ ዓሣ ሞቶ ተንሳፈፈ። ምክንያቱ ፕሪምኒዚየም የተባለ፣ በተለምዶ ወርቃማ አልጌ የሚባል ፍጥረት ያወጣው መርዝ ነበር። ይህ አልጌ ጨዋማ ውሃ ይወዳል። የወንዙ ውሃ ጨው የበዛበት ደግሞ ሰዎች በለቀቁበት ፍሳሽ ነው። ፕሪምኒዚየም ዛሬ ከወርቃማዎቹ ተለይቶ በሌላ ክፍል ይመደባል። ተራ ቁጥር 2 ላይ ያለውን የእንጀራ ምሳሌ አስታወሳችሁ?

በሀገራችን ደግሞ ቆቃ ሐይቅ አለ። እዚያ ማይክሮሲስቲስ የሚባል ሳይያኖባክቴሪያ እየበዛ ውሃውን እንደ አረንጓዴ ቀለም ያደርገዋል። ማይክሮሲስቲስ ጉበት የሚጎዳ መርዝ ሊያወጣ ይችላል። የሐይቁ ዳር ነዋሪዎች ደግሞ ከዚያ ውሃ ይቀዳሉ፤ ከብቶቻቸውም ይጠጣሉ። ውሃውን ማፍላት ባክቴሪያውን ይገድል ይሆናል፤ መርዙን ግን አያጠፋውም።

9. ይሄ ሁሉ ጎሮን ምን አገባት?

ብዙ አገባት እንጂ! መንገዱን አብረን እንከተል። ከሰፈራችን የሚወርደው የዝናብ ውሃ፣ የልብስ ማጠቢያ አረፋ፣ ቦይ ውስጥ የተደፋ ቆሻሻ ሁሉ ቁልቁል ወደ ትልቁ አቃቂ ወንዝ ይሄዳል። አቃቂ አባ ሳሙኤል ግድብ ይገባል። ከዚያ ወጥቶ አዋሽ ወንዝን ይቀላቀላል። አዋሽ ደግሞ ቆቃ ይገባል። ፍሳሽ፣ ሽንት ቤት ቆሻሻና ማዳበሪያ ውስጥ ያለው ናይትሮጅንና ፎስፎረስ ለማይክሮሲስቲስ ቀለቡ ነው። ቆቃ የሚገባው ቆሻሻ ከእኛ ብቻ አይደለም፤ ከእርሻም፣ ከሌሎች ከተሞችም፣ ከፋብሪካም ይመጣል። የእኛ ድርሻ ግን የለበትም ማለት አንችልም። እኛ ድልድይ ስንሻገር አፍንጫችንን ይዘን እናልፋለን። ከታች ያለች የእኛ እኩያ ልጅ ግን ጀሪካኗን ይዛ ትቀዳዋለች።

አሁን ዳያተሞቹ ወደ ሥራ ይመለሳሉ። በ2009 እ.ኤ.አ. በሳይንስ መጽሔት ላይ የወጣ አንድ ጥናት የቀበናንና የአቃቂን ወንዞች ብክለት በዳያተምና በትናንሽ የውሃ እንስሳት መርምሮ ነበር። በጣም በቆሸሸው ቦታ ትናንሾቹ እንስሳት ጠፍተዋል፤ ስለሌሉ ምንም ሊናገሩ አይችሉም። ዳያተሞች ግን እዚያም አሉ። የትኛው ዓይነት እንዳለ ታይቶ ወንዙ ምን ያህል እንደታመመ ይታወቃል። ለምሳሌ ኒቺያ ፓሌያ የተባለው ረጅም ዳያተም ሌሎቹ የማይችሉትን ቆሻሻ ይችላል። እሱ ብቻውን ከነገሠ ወንዙ ታሟል ማለት ነው። የተለያዩ ዓይነቶች መመለስ ከጀመሩ ወንዙ እየዳነ ነው። ስለዚህ “ወንዙ ሞቷል፣ በቃ” አይባልም። የሚመሰክርለት ገና በውስጡ አለ።

10. ምን እናድርግ?

• ቆሻሻና ፌስታል ቦይ ውስጥ አንጣል። “አንድ ፌስታል ምን ያመጣል?” አንበል።
• አረንጓዴ ቅባት የመሰለ ነገር የተንሳፈፈበትን ውሃ አንጠጣ፤ አንዋኝበት፤ ለከብትም አንስጥ።
• ውሃ በፈረቃ ስለምናገኝ ቤታችን በርሜልና ሮቶ አለ። ክዳኑን እንክደን። አልጌ ያለ ብርሃን ምግብ መሥራት አይችልም። ብዙ ሮቶዎች ጥቁር የሆኑት ለዚህ ነው፤ ጥቁር ቀለም ብርሃን አያስገባም። ብርሃን የሚያሳልፍ ጀሪካን ካላችሁ ፀሐይ ላይ አታስቀምጡት።

ቤት ውስጥ የሚሠራ ሙከራ፦ ሁለት ባዶ የሃይላንድ ፕላስቲክ ውሰዱ። የቧንቧ ውሃ ሙሉና ክሎሪኑ እንዲወጣ ለአንድ ቀን ክፍት ተዉት። ሁለቱም ውስጥ አንድ አንድ ቁንጥር የአትክልት አፈር ጨምሩ። አንዱን በጥቁር ፌስታል ጠቅልሉት፤ አንዱን እንዲሁ ተዉት። ሁለቱንም መስኮት አጠገብ 3 ሳምንት አስቀምጡና አወዳድሩ። ያልተጠቀለለው ግድግዳ ላይ አረንጓዴ ወይም ቡኒ ነገር ካያችሁ ትንሽ ፍቃችሁ ለሳይንስ መምህራችን አሳዩ። ቤተ ሙከራ ማይክሮስኮፕ ካለ ሙዳዮቹን ልታዩዋቸው ትችላላችሁ። ውሃውን እንዳትቀምሱት! ከነካችሁትም በኋላ እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ። ለሙከራው ብላችሁ ወንዝ እንዳትወርዱ።

ራሳችሁን ፈትኑ

1. የዳያተም ቤት ከምን ይሠራል?
2. ወርቃማ አልጌን ወርቃማ ያስመሰለው ቀለም ማን ይባላል?
3. ስሙ አልጌ ሆኖ ባክቴሪያ የሆነው የትኛው ነው?
4. ሮቶ ለምን ጥቁር ሆነ?
5. ከጎሮ የተነሳ ፍሳሽ ቆቃ ለመድረስ በየት በየት ያልፋል?

መልስ (ሳትሞክሩ እንዳታዩ)፦ 1. ከሲሊካ። 2. ፉኮዛንቲን። 3. ሰማያዊ አረንጓዴ አልጌ (ሳይያኖባክቴሪያ)። 4. ብርሃን እንዳይገባና አልጌ እንዳይበቅል። 5. በአቃቂ፣ በአባ ሳሙኤል፣ በአዋሽ።

አምስቱንም ያገኘ ጎበዝ ነው፤ ያላገኘ ደግሞ መልሶ ያንብብ። አስተያየትና ጥያቄ ያላችሁ በሚኒ ሚዲያው የአስተያየት ሣጥን አስገቡልን። በሚቀጥለው እትም እስክንገናኝ ቸር ሰንብቱ!

ከ7ኛ ክፍል የሚኒ ሚዲያ ክበብ አባል